ከመስመር በላይ ያሉ ፊደላት

ለዛሬ ግጥም ላቀርብ ቃል ገብቼ ነበር፤ ግጥሙ ግን አልደረሰም፡፡ በምትኩ ስለ ጥቂት ነጠብጣቦችና ጭረቶች ላወጋችሁ ነው፡፡ ነገሩ ደረቅ መስሎ ቢታያችሁም ጥቂት ታገሡኝ፤ እኔም ስጀምረው እንዲሁ መስሎኝ ነበር፡፡

ኅዳር 12 ቀን የካ ሚካኤል ሲነግሥ ዋዜማውን ሌሊት ከኮተቤ፣ ከሾላ፣ ከመገናኛና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰው በነጠላ ተሸፋፍኖ ወደ ደጀ ሰላሙ ይጎርፋል፡፡ ከእንጦጦ ሸንተረር ባሕር ዛፉን እየሰነጠቀ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይነካል፡፡ በውስጥ ግን ጽናጽሉ ይንሿሿል፣ መቋሚያው ይዘማል፣ ከበሮው ይጎሰማል፡፡ ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ስሰማ የኖርሁ ሰው ብሆንም ዜማው ከየት እንደሚነበብ ጠይቄ አላውቅም ነበር፡፡ ሊቃውንቱ ሁሉን በቃላቸው የያዙት ይመስለኝ ነበር፡፡ በአብዛኛው እውነት ነው፡፡ ነገር ግን መጽሐፍም አላቸው፤ መጽሐፉም ከሌላ መጽሐፍ ሁሉ ይለያል፡፡

ይህንን ያሳዩኝ በእኛ ሰፈር ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ የሚያገለግሉ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ናቸው፡፡ ከቅዳሴ በኋላ ጠርተው ከዛፍ ሥር አስቀመጡኝና የድጓቸውን ገጽ ገለጡልኝ፡፡

«ልጄ፣ ባንክ ቤት አይደል የምትሠራው?»

«አዎን፣ የኔታ፡፡»

«ያ ኮምፒዩተር ይህንን ይጽፋል?»

ጣታቸውን ያሳረፉት በዋናው ቃል ላይ ሳይሆን ከቃሉ በላይ በተቀመጠች አንዲት ታናሽ ምልክት ላይ ነበር፡፡ «ይጽፋል» አልሁ፡፡ ያን ጊዜ የዋሸሁ አልመሰለኝም፡፡

የመሪጌታ ችግር ሁለት ነበር፡፡ አንደኛው ዓይናቸው ነው፤ ዋናውን ንባብ ያዩታል፣ በመስመሮቹ መካከል የተረጨውን ግን እየሳቱት መጥተዋል፡፡ ሁለተኛው የተማሪዎቻቸው መጽሐፍ ነው፡፡ ልጆቹ የሚማሩት ከፎቶ ኮፒ፣ የፎቶ ኮፒም ፎቶ ኮፒ ከሆነ ወረቀት ነው፡፡ ማሽኑ ታናሿን ነጥብ ይውጣታል፤ አንዳንዴም ከመስተዋቱ ላይ የነበረ ጉድፍ ነጥብ ሆኖ ይታተማል፡፡ «አቧራውን ዜማ ብሎ ያዜመልኝ ተማሪ አለ» አሉኝ፤ አልሳቁም፡፡

ስለነዚህ ምልክቶች ጥቂት ልበል፡፡ ዜማችንን የደረሰው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአክሱሙ ንጉሥ በገብረ መስቀል ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ መሆኑን ትውፊቱ ያስተምራል፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ የተባሉት ሦስቱ ስልቶች የእርሱ ናቸው፡፡ ዛሬ በድጓ ገጽ ላይ የምናየው የምልክት ሥርዓት ግን የተሟላው ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 በነገሡት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ነው ይባላል፡፡ (እንጦጦ ላይ ላለው ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ስሙን የሰጠው መልአኩ እንጂ አዛዡ አይደሉም፤ እኔ ራሴ ለብዙ ጊዜ አምታትቼው ስለነበር ነው ይህን ማለቴ፡፡) ዘመኑን ልብ በሉ፡፡ ከግራኝ አሕመድ ጦርነት ማግሥት ነው፡፡ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ መጻሕፍት ጠፍተዋል፣ ዜማውን በቃላቸው የያዙ ሊቃውንትም አልቀዋል፡፡ ሁለቱ አዛዦች ዜማን በቀለም ለመያዝ የተነሡት እንግዲህ በቃል የተያዘ ነገር ከያዘው ሰው ጋር አብሮ እንደሚሞት ባዩበት ዘመን ነበር፡፡ ጋይንት ያለችው ቤተልሔም ከዚያ ወዲህ የድጓ ማስመስከሪያ ሆና ቀረች፡፡

ሥርዓቱ ሁለት ወገን አለው፡፡ አንደኛው ወገን ራሱ ፊደል ነው፡፡ አንድ የታወቀ ቃል በአንድ ዜማ ይዜማል እንበል፤ ሌላ ቦታ ያው ዜማ ሲመጣ ከዚያ ቃል የተወሰደ አንድ ወይም ሁለት ፊደል በትንሹ ከቃሉ በላይ ይጻፋል፡፡ «ይህን እንደዚያኛው በለው» ማለት ነው፡፡ እንዲህ ያሉት ምልክቶች ከአምስት መቶ ይበልጣሉ፤ የሚያነባቸውም እናታቸው የሆነውን ቃል አስቀድሞ በዜማው የሚያውቅ ብቻ ነው፡፡ ለማያውቀው ዝም ይላሉ፡፡ በዚህ በኩል ከአውሮጳው የሙዚቃ ኖታ ጋር ጨርሶ አይመሳሰሉም፤ የአውሮጳው ኖታ እንግዳውን ያስተምራል፣ የእኛው ግን የተማረውን ያስታውሳል፡፡

ሁለተኛው ወገን ነጠብጣቦቹና ጭረቶቹ ናቸው፡፡ ስማቸውን እንኳ ስትጠሩት ድምፁ ይሰማችኋል፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት፡፡ ይዘት አንዲት ነጥብ ናት፤ ድምፅህን ያዝ ትላለች፡፡ ድፋት ድምፁን ወደ ታች ይደፋዋል፣ ቅናት ያነሣዋል፣ ቁርጥ ይቆርጠዋል፡፡ ርክርክ ነጠብጣቦች ተከታትለው የቆሙባት ናት፤ ጉሮሮን ታርገበግባለች፡፡ እነዚህ ስምንቱ ከያሬድ እንደመጡ፣ ድርስና አንብር የሚባሉት ሁለቱ ደግሞ በእነ አዛዥ ጌራ እንደተጨመሩ ሊቃውንቱ ይናገራሉ፡፡ ሁሉም በአንድነት ዐሥር ናቸው፡፡ ይህችን ዐሥር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ፡፡

ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ከዚያ ተራራ ላይ የተጻፈው ሁሉ በብርዕና በብራና ነበር፡፡ ከተማይቱ ቁልቁል ከወረደች በኋላም ቢሆን «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ ነበር የሚባዛው፡፡ ለእጅ ጸሐፊ ከመስመር በላይ መጻፍ ችግር አይደለም፤ እጁን ከፍ ያደርጋል፣ ብርዑን ቀጠን ያደርጋል፣ አበቃ፡፡ ችግሩ የመጣው ከብረቱ ጋር ነው፡፡ በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም ሆነ ሌሎቹ የሚለቅሙት ሆሄ በመስመር የሚሰለፍ ነው፡፡ እኔ ያየኋቸው የታተሙ የዜማ መጻሕፍት አብዛኞቹ በእጅ ተጽፈው ገጹ በፎቶግራፍ ተነሥቶ የታተሙ ናቸው፡፡ በዚያው ማተሚያ ቤት ጋዜጣው በብረት ሆሄ ሲታተም ድጓው ግን የአንድ ጸሐፊ እጅ እንደያዘ ቀረ፡፡

የጽሕፈት መኪናውማ ጭራሽ የባሰ ነበር፡፡ ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ ለላቲን ፊደል የተሠራውን መኪና ለአማርኛ ሲያበጁ የገጠማቸውን አስቡት፤ አርባ ጥቂት ቁልፍ ባለበት ገበታ ላይ ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ማስፈር ነው፡፡ መፍትሔው ፊደሉን መገጣጠም ሆነ፤ ግንዱ በአንድ ቁልፍ፣ እግሩ ወይም ቀለበቱ በሌላ ቁልፍ፡፡ በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የቆየ የቤት ካርታ ወይም የሹመት ደብዳቤ ካለ አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ የካዕቡና የሣልሱ ቅጥል ከፊደሉ ሸሸት ብሎ ቆሞ ታገኙታላችሁ፡፡ ሰው ግን ለመደው፡፡ እኛ መሥሪያ ቤት ከመዝገብ ክፍል አንድ አሮጌ ኦሊቬቲ ነበር፤ እኔ ስቀጠር ማንም አይነካውም ነበር፤ ከቁልፎቹ ላይ ግን የታይፒስቷ ጣት ያጠፋቸው ፊደላት ነበሩ፤ ገበታውን በጣቷ እንጂ በዓይኗ እንዳልተጠቀመችበት ይታወቃል፡፡

እዚህ ላይ ግጥም ወዳዶች ሆይ፣ ወደ ራሳችን ልመልሳችሁ፡፡ ከመስመር በላይ የሚጻፍ ነገር የሚያስፈልገው ለመሪጌታ ብቻ አይደለም፡፡ አማርኛ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል አይለይም፡፡ ልብስ የሚሰፋውም «ሰፊ» ነው፣ ያልጠበበውም «ሰፊ» ነው፡፡ «ገና» በዓልም ነው፣ ያልደረሰ ጊዜም ነው፡፡ «ይመታል» የሚለው ሰው ዱላውን ይዟል ወይስ ጀርባውን ሰጥቷል? ንባቡ ካልተሰማ አይታወቅም፡፡ አንድ ጊዜ እኔም እንዲህ ብዬ ነበር፦

ከእንጦጦ ላይ ብርዱ ቁልቁል እየወረደ፣
ሰፊ ነው ያገሬ ሰው ልብሱ የተቀደደ፡፡

አላልታችሁ ብታነቡት አንድ ነገር ነው፣ አጥብቃችሁ ብታነቡት ሌላ፡፡ የቅኔ ሰዎች በዚህ ይኖራሉ፤ ስለዚህ ጥብቀት በምልክት ይጻፍ ቢባል ግማሾቹ ሰሙ ቀለጠ ብለው ያለቅሳሉ፡፡ የስድ ንባብ ሰው ግን የተለየ ሐሳብ ሊኖረው ይችላል፡፡ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስታነቡ ከአንዳንድ ፊደላት በላይ የተቀመጠች ነጥብ አይታችሁ ይሆናል፡፡ የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለችም፤ የሚጠብቀውን ፊደል ለማሳየት ደራሲው አስበውበት ያኖሯት ናት፡፡ ያንን ሁሉ ገጽ፣ ነጥብ በነጥብ! እኔ የዚያን መጽሐፍ ለቃሚ ሳስበው ያዝንልኛል ሆዴ፡፡ የተከተላቸው ደራሲ ግን ጥቂት ነው፡፡ ምክንያቱ የሐሳብ ልዩነት ብቻ አይመስለኝም፤ ነጥቧን የሚያወጣ ቁልፍ በማንም መኪና ላይ አልነበረም፡፡

ወደ ኮምፒዩተሩ ልሂድ፤ ይህንን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት ፈጠን ልበል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እንደ ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ በውጭ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ፊደላችንን ወደ ኮምፒዩተር አስገቡ፡፡ እነ ዳንኤል ያዕቆብ ደግሞ አማርኛን በላቲን ሆሄ የሚወክል ስልት አወጡ፤ «ሴራ» ይባላል፤ ስሙ በአማርኛ ሲነበብ የሚያስጠረጥር ቢሆንም ዛሬ በላቲኑ ኪቦርድ አናባቢውን ከተነባቢው አስከትለን የምንጽፍበት ልማድ ከዚያ ብዙ ወስዷል፡፡ ያን ጊዜ ግን እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ የፊደል ቁጥር ስለነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የጅብ ቋንቋ ይሆን ነበር፡፡ እኔም የመጀመሪያ ግጥሞቼን ያጣሁት እንዲሁ ነው፤ አንባቢ አልተጎዳም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ቦታውን አገኘ፡፡ በ2005 ደግሞ ሁለት ነገሮች ተጨመሩ፡፡ አንዱ የጥብቀት ምልክት ነው፤ ሌላው ደግሞ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደትና ቁርጥ፡፡ እነሆ በመልክ፦ ᎐ ᎑ ᎒ ᎓ ᎔ ᎕ ᎖ ᎗ ᎘ ᎙፡፡ ባዶ ሣጥን ብቻ የታያችሁ እንደሆነ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ በማሽናችሁ ያለው ፎንት አያውቃቸውም ማለት ነው፤ «አቢሲኒካ» የተባለውን ፎንት ብትጭኑ ይታያሉ፡፡

ቁጠሯቸው፤ ዐሥር ናቸው፡፡ ነገር ግን የመሪጌታ ዐሥር አይደሉም፡፡ ድርስና አንብር በዝርዝሩ የሉም፤ በእነርሱ ፈንታ አጭሩ ርክርክና ደረት ሂደት ገብተዋል፡፡ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፡፡ ኋላ ሳስበው ግን ድርስና አንብር የሚጻፉት በፊደል፣ በ«ስ» እና በ«ር» ስለሆነ ሌላ ቁጥር አያስፈልጋቸውም፡፡ ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነው፡፡ የዩኒኮድ መጽሐፍ ለእነዚህ ምልክቶች የታወቀ ባህላዊ ቅደም ተከተል እንዳልተገኘ ይገልጻል፡፡ ሀ ሁ ሂ ተብሎ የተማረ ሕዝብ ለዜማው ምልክት ሰልፍ ሳያወጣለት ኖሯል ማለት ነው፡፡ መሪጌታን ብጠይቃቸው «ዜማ በተራ ይመጣል እንዴ?» ብለው መለሱልኝ፡፡

እንግዲህ ምልክቶቹ ቁጥር አላቸው፤ በስልኬም ሆነ በኮምፒዩተሬ ያለው የአማርኛ ኪቦርድ ግን አንዱንም አያወጣም፡፡ ቤት ያለው ግን በር የሌለው ሰው ሆኑብኝ፡፡ ስለዚህ በሩን ራሴ ለመሥራት ተነሣሁ፡፡ ኪይማን የተባለው ዛሬ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ማንም ሰው የፈለገውን ኪቦርድ እንዲያበጅ ይፈቅዳል፤ የፕሮግራም ዕውቀት እምብዛም አይጠይቅም፤ «ይህ ቁልፍ ከዚህ በኋላ ሲመታ ይህን አውጣ» እያሉ በየመስመሩ መጻፍ ነው፡፡ መላውን የወሰድሁት ከቬትናሞች ነው፡፡ የእነርሱ ቋንቋ አንዱን ቀለም በስድስት ድምፅ ይለያል፤ አምስቱ ምልክት አላቸው፡፡ ቴሌክስ በተባለው የአጻጻፍ ስልታቸው አናባቢውን ከጻፉ በኋላ ኤስ፣ ኤፍ፣ አር፣ ኤክስ ወይም ጄይ ይመታሉ፣ ምልክቱም ሄዶ ከአናቱ ላይ ይቀመጣል፡፡ እኔም ፊደሉ ከተጻፈ በኋላ አንድ ረዳት ቁልፍ ተጭኜ የምልክቱን መጀመሪያ ድምፅ እንድመታ አደረግሁት፡፡

ሦስት ምሽት ፈጀብኝ፡፡ ድፋትና ደረት ሁለቱም በ«ደ» ይጀምራሉ፤ ቅናትና ቁርጥ ሁለቱም በ«ቀ»፡፡ ማን ዋናውን ቁልፍ ይውሰድ? አንድ ሙሉ ምሽት በዚህ ላይ ከራሴ ጋር ተከራከርሁ፤ ባለቤቴ «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታጉተመትም?» እስክትል ድረስ፡፡ በመጨረሻ ወደ መሪጌታ ሄጄ የትኛው ይበዛል ብዬ ጠየቅሁ፤ የበዛው የቀረበውን ቁልፍ አገኘ፡፡ የጥብቀቱን ምልክትም በነጥብ ቁልፍ ላይ አኖርኋት፤ እነሆ «ሰፊ፟» ብዬ ልጽፍ እችላለሁ፡፡ አንድ ወዳጄ በስልኩ ልኬለት «ስክሪኔ ቆሽሿል መሰለኝ» ብሎኛል፡፡

ዋናው ችግር የታየኝ ግን ቁልፎቹ ሁሉ መሥራት ከጀመሩ በኋላ ነው፡፡ የጥብቀቷ ምልክት ራሷ ወደ ፊደሉ አናት ትወጣለች፤ እንድትወጣ ተደርጋ ነው ቁጥር የተሰጣት፡፡ የዜማ ምልክቶቹ ግን አይወጡም፡፡ እንደ ማንኛውም ፊደል ከመስመሩ ውስጥ ተሰልፈው ይቆማሉ፡፡ የዩኒኮድ ሰዎች ይህን ሳያውቁ አልቀሩም፤ ሁለት መስመር ተደራርቦ የሚጻፈው ዜማ የራሱ አሰላለፍ ያስፈልገዋል፣ ያ ደግሞ የተራ ጽሑፍ ሥራ አይደለም ብለው ትተውታል፡፡ እነዚያ ከአምስት መቶ የሚበልጡት የፊደል ምልክቶችስ? እነርሱማ ሁሉም ተራ ፊደላት ስለሆኑ ማንኛውም ኪቦርድ ያወጣቸዋል፤ የጎደላቸው ከፍታ ብቻ ነው፡፡ እኔ ሳምንት ሙሉ በር ስሠራ የቆየሁት ደረጃ ለሚያስፈልገው ቤት ነበር፡፡

ደረጃውን ያገኘሁት ከጃፓኖች ነው፡፡ እነርሱ ከባዱን ፊደል ለልጆች ሲጽፉ ንባቡን በትንሹ ከበላዩ ያሰፍራሉ፤ ፉሪጋና ይሉታል፡፡ የማይክሮሶፍት ወርድ ጽሑፍ ማሰናጃም ለዚህ የተሠራ ትእዛዝ አለው፡፡ የጃፓንን ቋንቋ በቅንብሩ ውስጥ ስጨምር ትእዛዙ ብቅ አለ፤ ቃሉን መርጬ ምልክቱን በትንሿ ሳጥን ስጽፍለት ከቃሉ በላይ ወጥቶ ተቀመጠ፡፡ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ጊዜ ነው፡፡ አንዲት ገጽ የቅዳሜን ከሰዓትና የእሑድን ግማሽ በላች፡፡ በትልልቁ አተምኋት፤ ዋናው ንባብ በ28፣ ምልክቱ በ16፡፡

መሪጌታ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ፀሐዩ አዞሩትና ጣታቸውን ከበላዩ መስመር ላይ እያስኬዱ በለሆሳስ ማዜም ጀመሩ፡፡ መነጽራቸውን እንኳ አላወጡም፡፡ ሁለት መስመር እንደሄዱ ቆሙ፡፡ ተመለሱና እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና እዚያው ቆሙ፡፡

«ይህች ይዘት የማን ናት?»

ተጠግቼ ተመለከትሁ፡፡ ማሽኑ ነጥቧን ያኖራት ከቃሉ መካከል ነው፤ አራት ፊደል ያለው ቃል ቢሆን በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል፡፡ በብራናው ላይ ግን ነጥቧ በሦስተኛው ፊደል ላይ በትክክል ነበረች፡፡ ለእኔ የፀጉር ያህል ልዩነት ነው፡፡ ለእርሳቸው ግን ድምፁ የሚያዘው በየትኛው ፊደል ላይ እንደሆነ ማለት ነው፤ በሁለተኛው ላይ የሚይዝ ተማሪ ቤተልሔም ቢሄድ አያስመሰክሩለትም፡፡ ቃሉን በየፊደሉ ቆራርጬ ለእያንዳንዱ ብሰጠው ይስተካከል እንደሆነ አስረዳኋቸው፤ ለአንዲት ገጽ ስንት ቀን እንደሚፈጅም ጨምሬ ተናገርሁ፡፡ ድጓቸው ስንት ገጽ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ውፍረቱ ይታያል፡፡

መሪጌታ ከቀሚሳቸው ኪስ ጥቁር እስክሪብቶ አወጡ፡፡ በታተመችው ነጥብ ላይ ስስ መስመር አሰመሩባትና ከቀኝዋ፣ ከሦስተኛው ፊደል አናት ላይ፣ ሌላ ነጥብ አደረጉ፡፡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ነጥቡ ግን ቦታውን አልሳተም፡፡ ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ መለሱ፡፡

«ንባቡን እንዲሁ በትልልቁ ጻፍልኝ፡፡ የላዩን መስመር ባዶ ተወው፡፡»

እስካሁን አርባ አንድ ገጽ አድርሻለሁ፤ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ሦስት ገጽ ያህል፡፡ የመስመሩን ርቀት እጥፍ አድርጌ ባዶውን አትሜ እወስድላቸዋለሁ፤ እርሳቸው ያዜማሉ፣ ከተማሪዎቹ አንዱ አጠገባቸው ተቀምጦ በሚያመለክቱት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ያሰፍራል፡፡ የሠራሁት ኪቦርድ ከማሽኔ አልወጣም፤ ድፋት አሁንም ከቁልፉ ላይ አለ፡፡ ባለፈው ሳምንት ከሰነድ መካከል ሳላውቀው ረዳት ቁልፉን ነክቼ ኖሮ የአንድ ባለ ግጥም ወዳጄን ስም ርክርክ አስገብቼበት ልኬለታለሁ፡፡